ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የታየ አንጎል

ጥቅምት 3

ጋሼ፣

ከሰላምታው በፊት ጉልበትህን አስቀድሜያለሁ። መሰላል መውጣት ተው ብዬህ ነበር፤ በዚህ ዕድሜህ ከላይኛው መደርደሪያ የሚወርድ ዕቃ ካለ ሌላ ሰው ያውርደው። እኔ ደህና ነኝ። ደውዬ ልመልስልህ ነበር፤ ግን «ስልክ ላይ የተባለ ነገር ገቢ አይሆንም» የምትለው ትዝ አለኝና ወረቀት አነሳሁ። ወንድሙ ሠላሳ ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት የኖረበት ሰው ናፍቆቱንም በቀንና በፊርማ ነው የሚልከው።

አዎ፣ መጽሔት ላይ ያየኸው ጥናት የእኛ ነው። ሆስፒታሉ የእኛ፣ ማሽኑ የእኛ፣ ፎቶው ላይ ከፕሮፌሰሩ ጀርባ የሚታየው ግማሽ ክንድ ደግሞ የእኔ። ሠላሳ አንድ ወንድና ሠላሳ አንድ ሴት አንድ በአንድ ኤምአርአይ ውስጥ አስገባን። ተጋድመው ሳሉ በመስታወት ሁለት ሁለት ቅርጽ እናሳያቸዋለን፤ አንዱ ቢዞር ሌላውን ይሆን እንደሆነ በአውራ ጣታቸው ቁልፍ ተጭነው ይነግሩናል። ማሽኑ በዚያው ጊዜ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚሠራ ይመዘግባል። ሴቶቹ ከወንዶቹ በአንድ አምስተኛ ያህል ዘገዩ። ትኩረት የሚጠብቀው ክፍላቸውም ደብዘዝ ብሎ ታየ። ፕሮፌሰሩ ከመደሰቱ የተነሳ ጠረጴዛው ላይ ቆቡን የሚሰቅልበትን የጄሶ አንጎል አቧራውን ጠረገለት።

የእኔ ድርሻ ምን እንደነበር ጠይቀሃል። ማሽኑን ማንቀሳቀስና ቀጠሮ መያዝ። ቀላል አይምሰልህ፤ ስልሳ ሁለት ሰው በቀጠሮው እንዲመጣ ማድረግ ከአንጎል ጥናት ይከብዳል። ሴቶቹን ያገኘኋቸው ከነርሶቻችን ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚወጡት ጠዋት አንድ ሰዓት ስለሆነ፣ ቤታቸው ሄደው እንዳይመላለሱ ብዬ በዚያው በመውጫቸው አስገባኋቸው። ወንዶቹ የአስተዳደር ቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱ ቁርስ ሳይበሉ ለሳይንስ ፍቅር ስለሌላቸው በአራት ሰዓት ይመጣሉ። አንድም ሰው ቀጠሮ አላጎደለም። ፕሮፌሰሩ «አንቺ ባትኖሪ ይህ ጥናት አይኖርም ነበር» አለኝ። በሥራ ዘመኔ ከሰማሁት ምስጋና ትልቁ ነው፤ ሁለተኛው የሻይ ማፍያውን የጠገንኩ ዕለት ነው።

«ብሎን» ላልናት ልጅህ ሰላም በላት። አሁንም የበር ማጠፊያ ትፈታለች ወይስ አድጋ ተወች?

እህትህ


ጥቅምት 19

እህት ዓለም፣

የጥቅምት 3 ደብዳቤሽ ጥቅምት 11 ደርሶኝ ገቢ ሆኗል። ጉልበቴን አታንሺብኝ። ማጠፊያ መፍታቱን ትታዋለች፤ አሁን የምትፈታው የጎረቤት የውሃ ፓምፕ ነው። መልሳ ትገጥመዋለች፣ ይህን አልክድም።

ዝም ያልኩሽ ደስ የሚል ነገር ይዤ ልጽፍልሽ ስለፈለግኩ ነው። እንደምታውቂው በሙያ ማሰልጠኛችን የቅበላ ኮሚቴ ውስጥ የንብረት ክፍልን ወክዬ እቀመጣለሁ። ዘንድሮ ለክሬን ኦፕሬተርነት ላለን አሥራ ሁለት ቦታ ሰላሳ ሰው አመለከተ፤ ከእነዚህ ስድስቱ ሴቶች ናቸው። እስከ ዛሬ አንድም ሴት አመልክታ አታውቅም። ሰብሳቢው ምን እናድርግ ብሎ ሲጨነቅ እኔ ተነሳሁ። መጽሔቱን አነበብኩ። ከዚያ ማስረጃ ከምንጩ ይሻላል ብዬ ያንቺን ደብዳቤ አነበብኩ። ጉልበቴንና ቀጠሮ ምናምን የሚለውን የቤተሰብ ጉዳይ ዘለልኩት እንጂ ሌላውን ቃል በቃል ነው ያሰማኋቸው። ሰብሳቢው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል የተባለው ለካ በማሽንም ይታያል» አለ። ለራሳቸው ደኅንነት ሲባል ሴቶቹ ወደ ጽሕፈትና ወደ መዝገብ አያያዝ እንዲመሩ ተወሰነ፤ በቃለ ጉባኤም ተያዘ።

አድልዎ የለበትም። ማመልከቻዎቹ የሚቀርቡልን በቁጥር ነው፤ ስም የለም፣ የማን ልጅ የሚል የለም፣ ቁጥርና ጾታ ብቻ። ይህን አሠራር ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ስንወጣ ሦስት ሰው እጄን ጨበጠኝ። ያንቺ ነገር ኮራ አደረገኝ፣ አልደብቅሽም።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ብሎን ከስብሰባው ማግስት ጀምሮ ከእኛ ጋር ማዕድ አትቀርብም። ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ አባባሏ ግን ደረሰኝ እንደሌለው ዕቃ ነው። ዕድሜዋ ይሆናል። መጋዘኔ ከክሬኑ ሜዳ ጋር ግድግዳ እንደሚጋራ ታውቂያለሽ፤ ድሮ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ተቀምጣ ሠልጣኞቹ ጭነት «ግም» ባደረጉና መደርደሪያዬ በተንቀጠቀጠ ቁጥር «ይሄኛው ቸኮለ» ትለኝ ነበር። አሁን እሱንም ትታዋለች።

ወንድምሽ


ኅዳር 1

ጋሼ፣

ሰላምታዬን በዚህ ደብዳቤ መጨረሻ ታገኘዋለህ፤ መጀመሪያ ላይ ካስቀመጥኩት ሁሉም ደህና ነው ትላለህ ብዬ ፈራሁ።

አመልካች ቁጥር 14 ብሎን ናት።

ደውላልኝ ነበር። አላለቀሰችም። «አክስቴ፣ አንቺ ነሽ ያደረግሽው?» አለችኝ። «ምኑን?» አልኳት። «አንጎሌን» አለች። ያንተን ስም አላነሳችም፤ ኮሚቴው ውስጥ ማን ምን እንዳነበበ ግን ማሰልጠኛው በሙሉ ያውቃል፣ ኩራትህ ደጅ ድረስ ተሰምቷል። ቦታ ስጡኝ ብላ አልለመነችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «እነዚያ ሠላሳ አንድ ሴቶች እነማን ናቸው?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ነርሶች ናቸው፣ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ...» ብዬ ጀመርኩና ቃሌን ቆረጥኩት። ልጅቷ ፓምፕ ከፍታ ውስጡን እንደምታይ ሆና «ከሌሊት ፈረቃ?» አለችኝ።

ከዚያ ሄጄ የቀጠሮ መዝገቤን አወጣሁ። ጋሼ፣ በራሴ እጅ የተጻፈ ነው። በአስተያየት ዓምዱ ላይ፣ በሴቶቹ በኩል፣ ሰባት ቦታ «አንቀላፋች፣ በድምፅ ማጉያ ቀሰቀስኳት» ይላል። አንዷ ላይ «አኮራፋች» ብዬ ጊዜውንም መዝግቤያለሁ። ሠላሳ አንዱም አሥራ ሁለት ሰዓት ቆመው ያደሩ ናቸው። በወንዶቹ በኩል የጻፍኩት ትልቁ ችግር «ቀበቶውን ማውለቅ ረሳ» የሚል ነው። መዝገቡን ያኔ ለፕሮፌሰሩ አስረክቤ ነበር፤ እሱ ለስሌት ሠራተኛው ሰጠው፤ የስሌት ሠራተኛው ቁጥር ያልሆነ ነገር አያነብም፤ መዝገቡ እንዳለ ተመለሰልኝ።

ማሽኑ አልዋሸም። ወንድና ሴት ያወዳደርን መስሎን የተኛና ያልተኛ ሰው ስናወዳድር ከረምን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የወጣነው፤ ለቅመንም በመጽሔት አወጣነው። የሚያሳፍረው ደግሞ እንዲህ ያደረግኩት ለነርሶቹ አዝኜ መሆኑ ነው። ክፋት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አስቤበት ነበር።

አንተ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብለህ የዘለልከው አንቀጽ ይህ ነው። ኮሚቴው ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖርና ያን አንቀጽ ቢሰማ እዚያው ይስቅ ነበር።

ነገ ፕሮፌሰሩ ቢሮ እገባለሁ። ደህና ሁን፣ ሰላምታዬ ይኸው።

እህትህ


ኅዳር 14

እህት ዓለም፣

ደብዳቤሽ ደርሷል። ገቢ ለማድረግ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ብሎንን ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። «የንብረት ክፍል ልጅ ናትና አስገቧት እንዳልባል» አለችኝ። በእኔ እንዳትገባ ፈርታ፣ በእኔ ቀረች። ይቅርታ ልጠይቃት ቃል ስፈልግ ቆይቼ «ፓምፑ ተሠራ?» አልኳት። «ተሠራ» አለች። በዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልሄድንም።

ሰብሳቢውን ብቻውን አግኝቼ የጻፍሽውን ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሰነፍ ነው። «በቃለ ጉባኤ የተያዘ በእህት አይሻርም፤ ማስረጃ ካለ በጽሑፍ፣ በፊርማ፣ በቁጥር ይቅረብ» አለ። የሚያስቀው ይህን አነጋገር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰበሰበው ታኅሣሥ 12 ነው። የመግቢያ ፈተናው ታኅሣሥ 20። ከዚያ በኋላ ቦታው ይሞላል፤ የሚቀጥለው ቅበላ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ያኔ ደግሞ የዕድሜ ገደቡ ያልፋታል።

በፊርማሽ ካወጣሽው ሥራሽን ሊነካ እንደሚችል አውቃለሁ። «ተይው» ልልሽ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሦስቱንም ቀደድኩ። «ጻፊ» ለማለት ደግሞ አፍ የለኝም፤ ያለኝን አፍ ባለፈው ስብሰባ ላይ ጨርሼዋለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 29

ጋሼ፣

ወረቀትህ ጀርባ ላይ በእርሳስ የጻፍካትን «ታዲያ ልዩነት የለም?» የምትል ጥያቄ አይቻታለሁ። በእርሳስ ያደረግካት ገቢ እንዳትሆን ነው መሰለኝ። መልሴ ይኸው፣ በቢክ።

ልዩነት የለም አላልኩም። የወንድ አንጎል በአማካይ ይተልቃል፤ ጫማውም ይተልቃል፤ ጫማህ ከጫማዬ ስለሚበልጥ ግን ከእኔ ይበልጥ መንገድ ታውቃለህ ያለህ ሰው የለም። ቅርጽ በማዞር ወንዶች በአማካይ ቀደም እንደሚሉ ያገኙ ሌሎች ጥናቶች አሉ። ልምምድ ርቀቱን እንደሚያጠብበው ያገኙም አሉ። ሁሉም ላይ የወንዶቹና የሴቶቹ ውጤት አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ነው የሚወጣው፤ አማካይ የሚባለው ነገር ስለ አንዲት ቁጥር 14 ምንም አይነግርህም። የእኛ ጥናት ደግሞ ጭራሽ አያውቀውም። እኔ የምፈርመው ለዚህች ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ፕሮፌሰሩ ቆቡን ሳያወልቅ አዳመጠኝ። «እርማት በመጽሔት ለማውጣት አንድ ዓመት ይፈጃል» አለ። «የእህል ዘር አይደለም፣ አንድ ዓመት ለምን?» አልኩት። ከዚያ ማሽኑን ሥራ በማይኖረው ሰዓት እንዲለቅልኝ ጠየቅኩ። ልሳሳት መስሎት ፈቀደ።

አሥር የሆስፒታሉን ዘበኞች አገኘሁ፣ ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ሌሊቱን ጠብቀው ያደሩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አስገባኋቸው። አሥር ነርሶች ደግሞ ከዓመት ዕረፍት ሲመለሱ ያዝኳቸው፤ በአራት ሰዓት፣ ቁርስ በልተው። ሃያዎቹም ፈርመው፣ ለምን እንደሆነ ተነግሯቸው ነው። ቅርጾቹ የዱሮዎቹ ናቸው።

ዘበኞቹ ከመጀመሪያዎቹ ነርሶች ጋር እኩል ዘገዩ፤ ትኩረት የሚጠብቀው ክፍላቸው እንደዚያው ደበዘዘ። አራቱ አንቀላፉ። አንዱ ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ «መታወቂያ» አለ። ዕረፍት የነበሩት ነርሶች ከቢሮ ወንዶቹ ጋር እኩል ወጡ፤ ሦስቱ እንዲያውም ቀደሟቸው። አሥር አሥር ሰው ጥናት ለመገንባት አይበቃም። የተገነባውን ለመነቅነቅ ግን በቅቷል።

ምስሎቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ የትኞቹ የሴት እንደሆኑ ፕሮፌሰሩን ጠየቅኩት። በልበ ሙሉነት ዘበኞቹን አነሳ። ስነግረው ተቀመጠ።

«ቀጠሮውን ማን ያዘው?» አለ።

«እኔ።»

«ማን አየው?»

«ማንም።»

ቆቡን አውልቆ የጄሶው አንጎል ላይ ሰቀለና «እኔም አላየሁትም» አለ። ይህን ያለበትን ድምፅ ወድጄለታለሁ።

ከቦርዱ ጋር እስኪነጋገር እንድታገሥ ለመነኝ። ቦርዱ በጥር ነው የሚሰበሰበው። ስለዚህ ከዚህ ጋር የቀጠሮ መዝገቡን ግልባጭ፣ የስልሳ ሁለቱንም፣ ስማቸው ተሰርዞ፣ የሃያዎቹን ውጤትና ለኮሚቴህ የጻፍኩትን ደብዳቤ አያይዣለሁ። ማኅተም የለውም። ማኅተሙ ያለው ቢሮ ለማየት ሁለት ወር ይፈልጋል። በማኅተሙ ቦታ የስልክ ቁጥሬን አስፍሬያለሁ፤ ገቢ ባይሆንም ይደውሉ።

ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተጽፏል። አሁን አንዲትም አንቀጽ አትዝለል።

እህትህ


ታኅሣሥ 13

እህት ዓለም፣

አልዘለልኩም። ትናንት ሁሉንም አነበብኩ፤ የዱሮውን ደብዳቤሽንም ከጉልበቴ ጀምሮ ደገምኩት። ጉልበቴ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ቀጠሮው አንቀጽ ላይ ስደርስ የጽዳት ክፍል ተወካይዋ ሳቀች፤ የሌሊት ተረኛ ነበረች አሉ፣ ስምንት ዓመት። ባለፈው ስብሰባ ታማ ቀርታ ነበር።

ሰብሳቢው «ሴት ብታውቅ» የሚለውን ምሳሌ ደገመው። «አዎ፣ በወንድ አለቀ» አልኩት፤ «ሳያነብ የጨረሰውም ወንድ እኔ ነኝ።» ሰላሳ ዓመት በዚህ ቤት ስህተት ገቢ አድርጌ አላውቅም ነበር፤ ይኸው የመጀመሪያው፣ በፊርማዬ። ቁጥር 14 ልጄ መሆኗንም ነገርኳቸውና ድምፅ ከመስጠት ወጣሁ። በር ላይ ቆምኩ። ሰብሳቢው ላንቺ ደውሎ ሲያወራ በመስኮት አየሁት፤ ምን እንደጠየቀሽና ምን እንዳልሽው ግን ሊነግረኝ አልፈለገም። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ሲያይ ቆየ።

አራት ለሁለት። ስድስቱም ሴቶች ለፈተና ይቀመጣሉ።

አንቺስ? በቢክ ነው የጠየቅኩት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 17

ጋሼ፣

ሰብሳቢህ የጠየቀኝ «ከአመልካቾቹ መካከል ዘመድ አለዎት ወይ?» ብሎ ነው። «አዎ፣ የወንድሜ ልጅ አለች» አልኩት። «ዘበኞቹ ግን ዘመዶቼ አይደሉም።» ሌላ አልተባባልንም።

ስለ እኔ ስትጠይቅ፦ ያለ ፈቃድ ሰነድ በማውጣት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ስሙ የተሰረዘ ቢሆንም መዝገቡ የእኔ አልነበረም፤ በዚህ አልከራከራቸውም። ከምርምር ሥራ ወጥቻለሁ፤ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ደብዳቤው አይናገርም። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበትን ክፍል ቁልፍ ማስረከቡ ከበደኝ፤ ይህን ላንተ ብቻ ነው የምጽፈው። ወደ መገጣጠሚያ ምርመራ ተዛውሬያለሁ። ከአንጎል ወደ ጉልበት ወርጃለሁ ማለት ነው፤ ያንተን ይዘህ ብትመጣ አሁን ሰው አለህ።

ፕሮፌሰሩ እርማቱን ጽፎ ላከው፤ ዓመቱን አልጠበቀም። ረቂቁን አሳየኝ፤ ስህተቱን ያገኘችው ብሎ ስሜን አስገብቷል። ያደረገችውም እሷ ናት ብለህ ጨምርበት አልኩት፤ ጨመረ። «አንቺ ባትኖሪ ይህ እርማት አይኖርም ነበር» አለኝ። ስሜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታተም ነው፣ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ።

ጸጸት ካለህ ተወው። ደግሞ ቢመጣም እፈርማለሁ።

ለብሎን አንድ ምክር አለኝ፤ ከሆስፒታል የወጣ፣ በሰማንያ ሁለት ሰው የተፈተነ። ከፈተናው በፊት ትተኛ። ሌላ ሳይንስ የለኝም።

እህትህ


ታኅሣሥ 24

እህት ዓለም፣

አራት ቀን ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ። ቀድሜ ጽፌ ውጤቱን እንዳላበላሸው ፈርቼ ነበር።

መጀመሪያ ትንሹን ልንገርሽ። የጽዳት ክፍል ተወካይዋ ባቀረበችው ሐሳብ የፈተናው ቅጽ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ አዲስ ጥያቄ ገብቷል፦ «ትናንት ሌሊት ለስንት ሰዓት ያህል ተኙ?» ከሌሊት ሥራ የመጡ፣ ቁጥራቸው ከሃያ በላይ የሆነ ሁለት ወንዶች «አልተኛንም» ብለው ሞሉ፤ ለእነሱ ሌላ ቀን ተሰጣቸው። ብሎን «ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ» ብላለች። እውነት ነው። ቤቱን በሙሉ ዝም አሰኝቼ ኮሪደር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ፈተናው አንድ የኮንክሪት ጭነት አንስቶ፣ ሜዳውን አሻግሮ፣ መሬት ላይ በነጭ ቀለም የተሰመረ ሳጥን ውስጥ ማሳረፍ ነው። እኔ አላየሁም። የማሽኑን ቁልፍ አስረክቤ መጋዘኔ ገባሁና ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ። ማየት አያስፈልገኝም ብዬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ግድግዳውን እየሰማሁ ማን ቸኮለ፣ ማን ፈራ እለያለሁ። ተፈታኞቹ በቁጥራቸው ተራ ይገባሉና «ግም» ባለ ቁጥር ጣቴን አጠፍኩ። የቦረቦረ ግም፣ ሁለቴ የነጠረ ግም፣ ጣሳዎቼን ያወረደ ግም። አሥራ ሦስት ቆጠርኩ።

ከዚያ ምንም።

ገመዱ ተያዘ አልኩ። ጠበቅኩ። ፈርታ ወርዳለች አልኩ። መደርደሪያው ላይ ያለውን የብሎኖች ሣጥን በእጄ ደገፍኩት። አንቺን ከአንጎል ወደ ጉልበት ምርመራ ያወረደሽ ነገር ሁሉ በከንቱ ቀረ ብዬ ነበር የቆጠርኩት።

በሩ ተከፈተና ፈታኙ ገባ። ጠመኔ ፈለገ፤ የጭነቱን ጠርዝ ሊያሰምር። «ምን ሆነ?» አልኩት።

«ወረደ» አለኝ።

«መቼ?»

«እሱን ነው እኔም የማላውቀው። ቆሜ እያየሁ ነበር፤ መሬት መቼ እንደነካ አልያዝኩትም።» ጠመኔውን እየተቀበለኝ ፊቴን አየ። «ይህቺ የማን ልጅ ናት?»

አንድ ጠመኔ ወጪ ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ።

«ቁጥር 14 ናት» አልኩት።

ዝርዝሩ ዛሬ ጠዋት ተለጠፈ። አሥር ወንድ፣ ሁለት ሴት። ብሎን ሦስተኛ ናት። ከሥራ ስመለስ ማዕድ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ «የመጋዘንህ ግድግዳ ተሰንጥቋል፣ አሥራ አንደኛው ልጅ ነው ያደረገው» አለችኝ። ሄጄ አየሁ፤ ልክ ናት።

ጉልበቴን ይዤ ልመጣ ነው፤ ቀጠሮ ያዢልኝ። አራት ሰዓት ላይ ይሁን፣ ተኝቼ፣ ቁርስ በልቼ።

ወንድምሽ